የማይታየው የመስመር መጨረሻ፦ የአማርኛ ጽሑፍ ከዊንዶውስ ወደ ሊኑክስ ሲሻገር

በዊንዶውስ ላፕቶፕ የተዘጋጀ የአማርኛ የቃላት ዝርዝር ሊኑክስ ወደሚሠራበት ሰርቨር ይጫናል። ተከፍቶ ሲታይ ደህና ነው፤ ፊደሉም መስመሩም በቦታው አለ። ፕሮግራሙ ግን ከዝርዝሩ ቃል ሲፈልግ ከመጨረሻው ቃል በቀር አንዱንም አያገኝም። እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥም የሚሰጠው ማብራሪያ ብዙ ዓይነት ነው፦ «ሊኑክስ አማርኛ አይችልም»፣ «ፋይሉ በመንገድ ተበላሽቷል»፣ «ፎንት ስለሌለ ነው»፣ «ቫይረስ ገብቶበታል»። አብዛኛውን ጊዜ ከእነዚህ አንዱም አይደለም። ምክንያቱ በየመስመሩ ጫፍ የተቀመጠ፣ ዓይን የማያየው አንድ ቁጥር ነው።

ችግሩ የአማርኛ ብቻ አይደለም፤ በየትኛውም ቋንቋ የሚሠራ ሰው ያውቀዋል። አማርኛ ላይ ግን ተጨማሪ ወጥመድ አለው። ማስተካከያው ቅደም ተከተሉን ሳይጠብቅ ከተሠራ፣ ደህና የነበረውን ጽሑፍ የሚያበላሸው ራሱ ማስተካከያው ይሆናል።

መስመር የት ያልቃል?

በስክሪን ላይ መስመር የሚያልቀው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው የቦታ ማለቅ ነው። ጽሑፉ ከመስኮቱ ጠርዝ ሲደርስ ፕሮግራሙ ቀሪውን ወደ ታች ያወርደዋል፤ መስኮቱ ሲሰፋ መስመሩም አብሮ ይረዝማል። ይህ በፋይሉ ውስጥ ምንም አይጽፍም። በብራና ላይ ዓምዱ ሲሞላ ጸሐፊው ቃሉን ከመሃል ከፍሎ ወደሚቀጥለው መስመር እንደሚወርደው ያለ ነው፤ የቃሉን ወሰን የሚነግረን ሁለት ነጥቡ እንጂ የመስመሩ ጠርዝ አይደለም።

ሁለተኛው እንተር ቁልፍ ሲጫን የሚመጣው ነው። ይህ በፋይሉ ውስጥ እንደማንኛውም ፊደል በቁጥር ይጻፋል። ቁጥሩ ግን በሁሉም ዘንድ አንድ አይደለም። ዊንዶውስ ሁለት ቁጥሮችን አከታትሎ ይጽፋል፤ 13 እና 10። ሊኑክስ፣ አንድሮይድና የዛሬዎቹ ማክ ኮምፒውተሮች 10ን ብቻ ይጽፋሉ። ከ2001 በፊት የነበሩት ማኮች ደግሞ 13ን ብቻ ይጽፉ ነበር። (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

13 ካሪጅ ሪተርን ይባላል፤ በአጭሩ ሲአር። ትርጉሙ ወደ መስመሩ መነሻ መመለስ ነው። 10 ላይን ፊድ፣ በአጭሩ ኤልኤፍ ይባላል፤ ወደ ታች አንድ መስመር መውረድ ማለት ነው። ሁለቱ ተከታትለው ሲጻፉ ሲአርኤልኤፍ ይባላሉ።

ከማሽን የተወረሰ ልማድ

የጽሕፈት መኪና ያየ ሰው ሁለቱን እንቅስቃሴዎች ያውቃቸዋል። በግራ በኩል ያለው እጀታ ሲገፋ ወረቀቱ አንድ መስመር ከፍ ይላል፤ ወረቀቱን የተሸከመው ክፍልም ወደ መነሻው ይመለሳል። እጁ አንድ ነው፣ ሥራው ግን ሁለት።

በ1963 ገበያ ላይ የዋለው ቴሌታይፕ ሞዴል 33 የተባለው ማሽን እነዚህን ሁለት ሥራዎች በሁለት የተለያዩ ትዕዛዞች ይቀበል ነበር። ማሽኑ በሰከንድ 10 ፊደል ያትማል፤ የማተሚያው ክፍል ከመስመሩ መጨረሻ ወደ መነሻው ለመመለስ ግን ከአንድ ፊደል ማተሚያ ጊዜ በላይ ይፈልጋል። ስለዚህ መመለሻው 13 ይቀድማል፤ ክፍሉ እየተመለሰ ሳለ 10 ደርሶ ወረቀቱን ያነሣል። ቀጣዩ ፊደል ሲመጣ ሁሉም በቦታው ነው። የቁጥሮቹ ተራ እስከ ዛሬ ያልተለወጠው ከዚህ ተነሥቶ ነው።

ከዚያ በኋላ መንገዱ ተለያየ። መልቲክስ የተባለው ስርዓተ ክወና በፋይል ውስጥ አንድ ቁጥር ይበቃል፤ ማሽኑ የሚፈልገውን ተጨማሪ ትዕዛዝ መሣሪያውን የሚያዘው ፕሮግራም ያክልለት አለና 10ን መረጠ። ዩኒክስ ይህን ወሰደ፣ ሊኑክስ ከዩኒክስ ወረሰ። በሌላው ወገን ሲፒኤም የተባለው የማይክሮ ኮምፒውተር ስርዓት ሁለቱንም ቁጥሮች በፋይሉ ውስጥ አስቀረ፤ በ1981 የወጣው ኤምኤስ-ዶስ ተከተለው፣ ዊንዶውስም ከዶስ ተረከበ። የዩኒክሱ ምርጫ የተሻለ እንደነበር ብዙ ባለሙያዎች ይስማማሉ። ሆኖም በሁለቱም ልማድ የተጻፈው ፋይል ስፍር ቁጥር ስለሌለው ዛሬ አንዱን ማጥፋት አይቻልም።

ምልክቱ ለምን ሌላ በሽታ ይመስላል?

ከላይ ወዳነሣነው የቃላት ዝርዝር እንመለስ። በዊንዶውስ የተጻፈውን ፋይል በ10 ብቻ መስመር የሚከፍል ፕሮግራም ሲያነበው 13 ከየቃሉ ጫፍ ተጣብቆ ይቀራል። «ሰላም» ብሎ የሚፈልገው ፕሮግራም ዝርዝሩ ውስጥ ያለው «ሰላም» እና 13 ስለሆነ ሁለቱ እኩል አይደሉም ይላል። በስክሪን ላይ ግን አንድ ናቸው። የመጨረሻው ቃል ብቻ የሚገኘው፣ ጸሐፊው ከእሱ በኋላ እንተር ስላልተጫነ ጫፉ ላይ ምንም ስለሌለ ነው። ሠንጠረዥ በያዘ ፋይልም እንዲሁ ነው፤ በኮማ የተለያዩት ዓምዶች ሁሉ በትክክል ይሠሩና የመጨረሻው ዓምድ ብቻ ይከሽፋል። የመጨረሻው ዓምድ ብቻ ሲያስቸግር መጀመሪያ የሚጠረጠረው 13 ነው።

የሊኑክስ ስክሪፕት፣ ማለትም ትዕዛዞች በተራ የተጻፉበት ፋይል፣ ሲሆን ምልክቱ የበለጠ ያሳስታል። የስክሪፕቱ የመጀመሪያ መስመር ትዕዛዞቹን የሚያስፈጽመውን ፕሮግራም ስም ይናገራል፤ ለምሳሌ ባሽ። 13 ከስሙ ጫፍ ሲጣበቅ ሲስተሙ «ባሽ-13» የሚባል ፕሮግራም ፈልጎ ያጣል፤ «እንዲህ ያለ ፋይል የለም» ብሎም ይመልሳል። ተጠቃሚው ስክሪፕቱ ፊቱ ተቀምጦ እያየ የለም ሲባል ግራ ይገባዋል። በዊንዶውስ ላይ በዶከር፣ ፕሮግራምን ኮንቴይነር በሚባል ጥቅል ውስጥ በሚያስኬደው መሣሪያ፣ የሚሠሩ ሰዎች ይህን በተደጋጋሚ ያዩታል፤ ስክሪፕቱ ወደ ኮንቴይነሩ ሲገለበጥ 13 ይዞ ይገባልና። በስሕተት መልእክቱ ውስጥ የኮፍያ ምልክትና ኤም ፊደል ጎን ለጎን ከታዩ ምርመራው አልቋል፤ 13 በስክሪን የሚጻፈው እንደዚያ ነው።

ከሊኑክስ ወደ ዊንዶውስ ሲሆን ጣጣው ቀለል ይላል። የድሮው ኖትፓድ 10ን ብቻ የያዘ ፋይል ሲከፍት ሁሉንም በአንድ ረጅም መስመር ያሰልፈው ነበር። ይህ በ2018 በወጣው የዊንዶውስ 10 1809 እትም ተስተካክሏል። በየመስመሩ መካከል ባዶ መስመር የሚገባበት ሠንጠረዥ ደግሞ ብዙ ጊዜ ፓይተን የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ጉዳይ ነው፤ በዊንዶውስ ላይ ሲኤስቪ (ዓምዶቹ በኮማ የተለያዩ) ፋይል ሲጻፍ የመስመር ለውጡ ሁለት ጊዜ ይከናወንና 13፣ 13፣ 10 ይሆናል። መፍትሔው ፋይሉ ሲከፈት «ኒውላይን» ለተባለው አማራጭ ባዶ ጽሑፍ መስጠት ነው።

ሊ፣ ል፣ ጊ እና ግ

አማርኛን በተለይ የሚመለከተው እዚህ ላይ ነው። ይህንን ጉዳይ የሚያብራሩ ጽሑፎች አብዛኞቹ ለላቲን ፊደል የተጻፉ በመሆናቸው አያነሡትም።

ኢንኮዲንግ ማለት እያንዳንዱ ፊደል በፋይል ውስጥ በየትኞቹ ባይቶች እንደሚጻፍ የሚወስን ስምምነት ነው። ባይት ከ0 እስከ 255 ያለ አንድ ቁጥር ነው። ዛሬ የተለመደው ዩቲኤፍ-8 ለአንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ይመድባል፤ «ል» 225፣ 136፣ 141 ነው። በዩቲኤፍ-8 ከላቲን ፊደልና ከመሠረታዊ ምልክቶች ውጭ ያለ ፊደል ሁሉ ከ127 በላይ በሆኑ ባይቶች ብቻ ስለሚጻፍ ከ13 ወይም ከ10 ጋር ፈጽሞ አይምታታም።

ዩቲኤፍ-16 ግን ሌላ ነው። እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል ሁለት ባይት ይይዛል፤ በዊንዶውስ አጻጻፍ ትንሹ ባይት ይቀድማል። በዚህ አጻጻፍ «ል» ማለት 13 እና 18 ነው። «ግ» 13 እና 19 ነው። «ሊ» 10 እና 18፣ «ጊ» ደግሞ 10 እና 19። ከመሠረታዊው የፊደል ገበታችን አራት ፊደላት በውስጣቸው የመስመር መጨረሻ የሚመስል ባይት ተሸክመዋል ማለት ነው። ብርቅ ፊደላት ቢሆኑ ኖሮ ጉዳቱ ቀላል በሆነ፤ ነገር ግን «መንግሥት»፣ «ትግል»፣ «ይላል»፣ «እግር» ያለ እነርሱ አይጻፉም።

አሁን አንድ ሰው 13ን ሁሉ ከፋይሉ የሚያጠፋውን የሊኑክስ ትዕዛዝ፣ ቲአር የሚባለውን፣ በእንዲህ ያለ ፋይል ላይ ቢያስኬድ ምን ይሆናል? «ልጅ» የሚለውን ቃልና ተከታዩን ክፍት ቦታ እንይ። ባይቶቹ 13፣ 18፣ 5፣ 19፣ 32፣ 0 ናቸው፤ ሁለት ሁለቱ አንድ ፊደል ይሆናሉ። 13 ሲጠፋ የቀሩት በአንድ ባይት ተንሸራትተው አዲስ ጥንድ ይመሠርታሉ፦ 18 ከ5፣ 19 ከ32። የመጀመሪያው ጥንድ ሩሲያኛ ከሚጻፍበት የሲሪሊክ ቤተሰብ አንድ ፊደል ነው፤ ሁለተኛው ሰረዝ ነው። «ልጅ» ጠፍቷል። ከዚያ በኋላ ያለውም ሁሉ እየተንሸራተተ ይቀጥላል፣ ሌላ 13 ጠፍቶ ጥንዶቹን እንደገና እስኪያስተካክላቸው ድረስ።

ስለዚህ እንዲህ የተጎዳ ፋይል ልዩ መልክ አለው። ጥቂት ቃላት ደህና አማርኛ ናቸው፤ ቀጥሎ ባዕድ ፊደል ይመጣል፤ ከዚያ እንደገና ደህና አማርኛ። ይህን መልክ ያየ ሰው ፎንት መቀየር ጊዜ ማባከን መሆኑን ሊያውቅ ይገባል። በተቃራኒው አቅጣጫም ጉዳት አለ፤ በየ10ሩ ፊት 13 የሚጨምር ማንኛውም መሣሪያ፣ ለምሳሌ በጽሑፍ ሁነታ የሚሠራ የኤፍቲፒ (የፋይል ማስተላለፊያ) ፕሮግራም፣ «ሊ» እና «ጊ»ን ይሰነጥቃቸዋል።

ዩቲኤፍ-16 ከየት ይመጣል ቢባል፣ ከተለመዱ ቦታዎች ነው። ኤክሴል ላይ «ዩኒኮድ ቴክስት» ተብሎ የሚቀመጥ ፋይል ዩቲኤፍ-16 ነው። የዊንዶውስ ፓወርሼል 5.1 ውጤትን ወደ ፋይል ሲያዞር ይህንኑ ይጠቀማል። ኖትፓድም ከ2019ኙ 1903 እትም በፊት ዩቲኤፍ-8ን በራሱ አይመርጥም ነበር፤ አማርኛ የጻፈ ሰው ፊደሎቹ ይጠፋሉ የሚል ማስጠንቀቂያ ሲመጣለት «ዩኒኮድ» የሚለውን ይመርጣል፣ ያም ዩቲኤፍ-16 ነበር። በዚያ ዘመን የተሰበሰቡ የአማርኛ ጽሑፎች ዛሬም በየኮምፒውተሩ አሉ።

ማስተካከያው በተራ

መጀመሪያ ማየት፣ ከዚያ ኢንኮዲንጉን ማስተካከል፣ ከዚያ የመስመር መጨረሻውን። ይህ ተራ መገልበጥ የለበትም። (የትዕዛዞቹ ስሞች እዚህ በፊደላችን ተጽፈዋል፤ በኮምፒውተሩ ላይ በላቲን ፊደል ይተየባሉ።)

በሊኑክስና በማክ «ፋይል» የተባለው ትዕዛዝ ስሙ ሲሰጠው ኢንኮዲንጉን ይናገራል፤ ሲአርኤልኤፍ ካለም ይጠቅሳል። በዊንዶውስ የኖትፓድ የታችኛው አሞሌ ሁለቱንም በቀኝ በኩል ያሳያል። ቪኤስ ኮድ በተባለው የኮድ መጻፊያም በታችኛው ቀኝ ጥግ ላይ ይታያሉ፤ ሲአርኤልኤፍ የሚለው ሲጫን ወደ ኤልኤፍ መቀየር ይቻላል።

ፋይሉ ዩቲኤፍ-16 ከሆነ አይኮንቭ በተባለው ትዕዛዝ ወይም በኖትፓድ «ሴቭ አዝ» ወደ ዩቲኤፍ-8 ይቀየር። ኖትፓድ ላይ ሁለት ምርጫ አለ፤ «ዩቲኤፍ-8» እና «ዩቲኤፍ-8 ከቦም ጋር»። ቦም በፋይሉ መጀመሪያ ላይ የሚቀመጡ ሦስት ባይቶች ናቸው፤ 239፣ 187፣ 191። ኤክሴል አማርኛውን በትክክል እንዲያነብ ይረዱታል፤ በሊኑክስ ስክሪፕት መጀመሪያ ላይ ግን ልክ እንደ 13 እንቅፋት ናቸው። ለሰርቨር የሚላክ ያለ ቦም ይሁን።

ከዚህ በኋላ ብቻ ዶስ-ቱ-ዩኒክስ የተባለው ትዕዛዝ ወይም ሴድ የመስመር መጨረሻውን ይለውጥ። ሴድን የሚጠቀም ሰው «13 በመስመሩ ጫፍ ላይ ሲገኝ ብቻ አጥፋ» የሚለውን አጻጻፍ ይምረጥ። ይህ ጥንቃቄ በስሕተት በዩቲኤፍ-16 ፋይል ላይ ቢሠራ እንኳ አብዛኛውን ጊዜ ምንም ሳይነካ ያልፋል። ቲአር ግን ያገኘውን 13 ሁሉ ያጠፋል።

ማረጋገጫው ቀላል ስሌት ነው። 1,200 መስመር ያለውና እያንዳንዱ መስመር በሲአርኤልኤፍ የሚያልቅ የዩቲኤፍ-8 ፋይል የመስመር መጨረሻው ተለውጦ ሲያበቃ መጠኑ በ1,200 ባይት መቀነስ አለበት፤ በትክክል። ልዩነቱ ከዚያ በላይ ከሆነ ሌላ ነገር ተነክቷል፤ በታች ከሆነ ፋይሉ ውስጥ ሁለቱም ልማዶች ተቀላቅለው ነበር። ዋናው ቅጂ ይህ እስኪረጋገጥ ድረስ አይሰረዝ።

ምስል፣ ፒዲኤፍ፣ የተጨመቀ ፋይል በዚህ መንገድ ፈጽሞ መንካት አይገባም። የፒኤንጂ ምስል ንድፍ አውጪዎች ይህን አደጋ አስቀድመው አስበውበታል። የማንኛውም የፒኤንጂ ፋይል የመጀመሪያዎቹ 8 ባይቶች 137፣ 80፣ 78፣ 71፣ 13፣ 10፣ 26፣ 10 ናቸው። ሲአርኤልኤፍም ብቻውን ያለ ኤልኤፍም ሆን ተብሎ ገብቶበታል፤ በየትኛውም አቅጣጫ የመስመር ለውጥ ከተደረገበት መግቢያው ይፈርስና ፕሮግራሙ ምስሉ መጎዳቱን ወዲያው ያውቃል።

ደንቡ ከኮምፒውተሩ ይሁን ወይስ ከፕሮጀክቱ?

በጊት፣ የፋይሎችን ለውጥ በሚመዘግበውና በሚያጋራው መሣሪያ፣ የሚሠሩ ቡድኖች ውስጥ ክርክሩ የቆየ ነው። አንደኛው ወገን እያንዳንዱ ሠራተኛ በራሱ ኮምፒውተር ላይ «ኦቶሲአርኤልኤፍ» የተባለውን ቅንብር ያስተካክል ይላል፤ ፋይሉ ወደ ማከማቻው ሲገባ ኤልኤፍ፣ ዊንዶውስ ላይ ሲወጣ ሲአርኤልኤፍ ይሆናል። ይህ ፕሮጀክቱን ምንም ሳይነኩ የሚሠራ ዘዴ ነው፤ የድሮ የዊንዶውስ መሣሪያዎችን ለሚጠቀምም ይመቻል። ሌላው ወገን ደንቡ በፕሮጀክቱ ሥር ጊትአትሪቢዩትስ በሚባል ፋይል ተጽፎ ከኮዱ ጋር ይጓዝ ይላል።

ሁለተኛው ሚዛን ይደፋል። የግል ቅንብር ያልተስተካከለለት አንድ ሰው ብቻ መኖሩ ፋይሉ ሁሉ የተለወጠ መስሎ እንዲታይ ያደርጋል፤ ሁለት ቃል ያረመ ሰው 800 መስመር የቀየረ ሆኖ ይመዘገባል፣ ገምጋሚውም እርማቱን ማግኘት አይችልም። በፕሮጀክቱ ደንብ ግን ለስክሪፕቶች ኤልኤፍ፣ ለዊንዶውስ ባች ፋይሎች (የዊንዶውስ ስክሪፕቶች) ሲአርኤልኤፍ፣ ለምስሎች «ባይነሪ» ተብሎ በየዓይነቱ ይወሰናል። ባች ፋይል ለብቻው የተጠቀሰው በኤልኤፍ ብቻ ሲጻፍ «ጎቱ» የተባለው ትዕዛዝ የሚፈልገውን ምልክት ሊያጣ ስለሚችል ነው። ደንቡ ከተጻፈ በኋላ ቀድሞ የገቡትን ፋይሎች ማስተካከል «ሪኖርማላይዝ» በሚባለው የጊት አማራጭ በአንድ ጊዜ ይሠራል፤ ይህ ለብቻው ይመዝገብ እንጂ ከሌላ እርማት ጋር አይቀላቀል።

ገር መቀበል ያስከተለው የደኅንነት ክፍተት

ለረጅም ጊዜ የኢንተርኔት ባለሙያዎች ሲልኩ ጥብቅ፣ ሲቀበሉ ገር መሆንን ይመክሩ ነበር። የተሳሳተ የመስመር መጨረሻ ይዞ የመጣን መረጃ መመለስ ተጠቃሚውን ይጎዳል የሚለው ሐሳብ ምክንያታዊ ነው። በዲሴምበር 2023 ይፋ የሆነው የኢሜይል ክፍተት ግን ሌላውን ጎን አሳየ። በኢሜይል ሕግ የመልእክት መጨረሻ ሲአርኤልኤፍ፣ ብቻዋን የቆመች ነጥብ፣ እንደገና ሲአርኤልኤፍ ነው። አንዳንድ ሰርቨሮች ኤልኤፍ ብቻ ያለባትንም ነጥብ እንደ መጨረሻ ይቀበሉ ነበር። አጥቂው እንዲህ ያለ ነጥብ በመልእክቱ መካከል ያስገባል፤ ላኪው ሰርቨር እንደ ተራ ጽሑፍ ያሳልፋታል፣ ተቀባዩ ግን መልእክቱ አለቀ ብሎ ቀሪውን እንደ ሁለተኛ መልእክት ያስተናግዳል። ያ ሁለተኛ መልእክት በሌላ ሰው ስም የተጻፈ ሊሆን ይችላል፤ ከታመነ ሰርቨር ስለመጣም የላኪ ማጣሪያውን ያልፋል። ፖስትፊክስ፣ ኤክዚምና ሴንድሜይል የተባሉት የኢሜይል ሰርቨር ፕሮግራሞች ማስተካከያ አውጥተዋል። የራሱን የኢሜይል ሰርቨር የሚያስተዳድር ድርጅት እትሙ ከዚያ በኋላ የወጣ መሆኑን ማየት አለበት።

በትይዩ ጽሑፎች ላይ የሚመጣው መንሸራተት

የአማርኛ የትርጉም መሣሪያዎች በትይዩ ጽሑፎች ይሠለጥናሉ። በአንድ ፋይል አማርኛው፣ በሌላው እንግሊዝኛው ይቀመጥና 57ኛው መስመር ከ57ኛው ጋር ይጣመራል። እዚህ 13 እና 10 ብቻ አይደሉም የሚያሳስቡት። ዩኒኮድ፣ ለየቋንቋው ፊደል መለያ ቁጥር የሚሰጠው ስምምነት፣ ሌሎች የመስመር መለያዎችም አሉት፤ በመለያ ቁጥራቸው 2028 እና 0085 የተባሉት ከድረ ገጽና ከሰነድ በሚገለበጥ ጽሑፍ ውስጥ ተደብቀው ይገባሉ። መስመር የሚቆጥረው የሊኑክስ ትዕዛዝ 10ን ብቻ ይቆጥራል፤ የፓይተን «ስፕሊትላይንስ» ግን እነዚህንም መስመር አድርጎ ይከፍላል። በአማርኛው ፋይል 57ኛ መስመር ላይ አንድ 2028 ካለ፣ ከዚያ በታች ያለው ሁሉ ከትክክለኛው ትርጉም በአንድ መስመር ይርቃል። ሁለቱንም ፋይሎች በሊኑክሱ ትዕዛዝ የቆጠረ ሰው እኩል ናቸው ብሎ ያልፋል።

ስለዚህ ቆጠራው ሥልጠናውን በሚያካሂደው ፕሮግራም ራሱ መሠራት አለበት፤ 2028 እና 0085 አስቀድመው በክፍት ቦታ ይተኩ፣ ፋይሉም በ10 ብቻ ይከፈል። ከመጀመሪያው፣ ከመካከልና ከመጨረሻው ጥቂት ጥንዶችን አውጥቶ ሁለቱንም ቋንቋ ለሚያውቅ ሰው ማስነበብም ያስፈልጋል። መንሸራተት ከመጀመሪያዎቹ መስመሮች አይታወቅም፤ ሲገለጥ የሚገኘው ከፋይሉ መጨረሻ አካባቢ ነው።